የምታነበውን ታስተውለዋለህን?

(መጽሐፍ ቅዱስን ለማንበብ አዲስ ለሆኑ ሰዎች ከተደረገ የምሽት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከየሰፈራችሁ ወጥታችሁ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ወደ አዳራሹ ስገባ በር ላይ አንድ ወጣት አስቆመኝ። «ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ከየት እንደምጀምር ብቻ ይንገሩኝ» አለኝ። ጥያቄው ልቤ ውስጥ ገባ። እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ እንዲሁ ሆኜ ነበርና። ዘፍጥረትን በአንድ ሳምንት ጨረስኩ። የዮሴፍን ታሪክ ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዘፀአትንም ቀይ ባሕር እስኪከፈል ድረስ በሩጫ ሄድኩበት። ከዚያ የድንኳኑ ሥራ መጣ፤ ርዝመቱ ይህን ያህል ክንድ፣ ወርዱ ይህን ያህል ክንድ፣ መጋረጃው በዚህ ቀለም፣ መቅረዙ በዚህ መልክ ይባል ጀመር። እርምጃዬ ቀዘቀዘ። ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁና ሣጥን ላይ አኖርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ አልከፈትኩትም። እምነቴ የጎደለ ስለመሰለኝ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ሳስበው የጎደለው ሌላ ነው፤ በእጄ የያዝኩት ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ንግግሬን የምጀምረው እንደ እኔ ከተቸገረ አንድ አንባቢ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። ሰውየው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ነው፤ ገንዘቧ ሁሉ በእጁ ነው። ኢየሩሳሌም ሰግዶ ወደ አገሩ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብባል። ወንጌል ሰባኪው ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ ሲያነብ ሰማው ይላል። «ሰማው» የሚለውን ቃል አትለፉት። ሰውየው የሚያነበው ድምፁን አውጥቶ ነው፤ በዚያ ዘመን ሰው ብቻውን ሲሆንም በአብዛኛው እንዲሁ ነበር የሚያነበው። ፊልጶስም «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። መልሱ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» የሚል ነበር።

ይህ ሰው ትልቅ ሹም ነው። ማንበብ ያውቃል፣ ሠረገላ አለው፣ መጽሐፉም በእጁ ነው። ቢሆንም አልገባኝም ለማለት አላፈረም። መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። እኔ ያን ጊዜ ያጣሁት ይህንን ድፍረት ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ ጃንደረባ «ኢትዮጵያዊ» ተብሎ ሲጠራ ብዙዎቻችን ደስ ይለናል፣ ደስ ሊለንም ይገባል። ነገር ግን በግሪኮቹ አነጋገር ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ይጨምር ነበር፤ ዕብራይስጡ ኩሽ የሚለውን ነው። ህንደኬ የሚለውም የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን በዛሬው ሱዳን በነበረችው በሜሮዌ የንግሥቶች የማዕረግ ስም ነው። ይህን የምናገረው ደስታችሁን ለመቀነስ አይደለም። መጽሐፉ ሲጻፍ ቃሉ ምን ማለት ነበር ብሎ መጠየቅ የጥሩ አንባቢ የመጀመሪያ ልማድ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። በአማርኛ «መጽሐፍ ቅዱስ» ስንል አንድ መጽሐፍ ይመስለናል። ጥራዙም አንድ ነው። አውሮፓውያን ከግሪክኛ የወሰዱት ስም ግን ከሥሩ የብዙ ቁጥር ነው፤ «መጻሕፍት» ማለት ነው። ያዛችሁት ቤተ መጻሕፍት ነው። ከሺህ ዓመት በሚበልጥ ዘመን ውስጥ፣ በልዩ ልዩ ሰዎች፣ በሦስት ቋንቋ ተጽፏል። ብሉይ ኪዳን በዕብራይስጥ ነው፤ የዳንኤልና የዕዝራ አንዳንድ ክፍል በአራማይክ ነው። ሐዲስ ኪዳን ደግሞ የገበያውና የመንገዱ ሰው በሚናገረው ተራ ግሪክኛ ተጻፈ። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሕግ መጽሐፍና የግጥም መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ ስለተቀመጡ አንድ ዓይነት አይሆኑም። የግጥሙን መጽሐፍ እንደ ሕግ፣ ደብዳቤውን እንደ ትንቢት የሚያነብ ሰው ይደክማል፤ ከደከመም ይተወዋል።

ቁጥራቸው ስንት ነው? ከመካከላችሁ ከልዩ ልዩ ቤተ ክርስቲያን የመጣችሁ ስላላችሁ ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ፕሮቴስታንቶች 66፣ ካቶሊኮች 73 ይቆጥራሉ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰማንያ አሐዱ ትላለች። ከተጨማሪዎቹ መካከል መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ አሉ። ሄኖክ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። አውሮፓ ስሙን እያወቀች መጽሐፉን አጥታው ኖራ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ከእኛ አገር ይዞ ሄደ። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የጥንት ጥቅልሎች ሲገኙ፣ የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ፣ የኩፋሌም በዕብራይስጥ ከመካከላቸው ተገኙ። ብራና ፍቀው ቀለም በጥብጠው ይህን ሁሉ ዘመን የገለበጡትን ያልታወቁ ጸሐፍት ባሰብኩ ቁጥር ምስጋና ይሞላኛል። ለአዲስ አንባቢ ግን የምመክረው፣ የቁጥሩን ክርክር ለጊዜው አቆይቶ ሁሉም በሚስማሙባቸው መጻሕፍት መጀመርን ነው። የሚያጠግብ እዚያው ሞልቷል።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? እዚህ ላይ ከአባቶቻችን አንድ ነገር ልማር እወዳለሁ። የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይለያል፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ይገባል። ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ በሚባሉት የንባብ ዓይነቶች እየደጋገመ ያነበዋል። በኋላ ዳዊት ይደግማል። የኔታ ልጁን ከዘፍጥረት አንድ ጀምር አይሉትም! የጥራዙን ቅደም ተከተል ያውቁታል፤ የልጅን አቅምም ያውቃሉ። እኛ ትልልቅ ሰዎች ግን መጽሐፉን ስለገዛን ብቻ ከፊተኛው ገጽ መጀመር ግዴታ ይመስለናል።

እኔ ለአዲስ አንባቢ ከብሉይ ኪዳን በመጀመሪያ የምሰጠው መጽሐፈ ሩትን ነው። አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ቡና እስኪፈላ ያነበዋል። በረሀብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ የተሰደደች ኑኃሚን የምትባል ሴት ባሏንና ሁለት ልጆቿን እዚያው ቀበረች። ባዶ እጇን ስትመለስ ሞዓባዊቷ ምራቷ ሩት አልለይሽም አለቻት። «ሕዝብሽ ሕዝቤ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» አለቻት። ቤተ ልሔም የደረሱት የገብስ አጨዳ ሲጀመር ነው። ሁለት ሴቶች፣ ያለ ወንድ፣ ያለ እህል። ሩት ልቃርም ብላ ወደ ማሳ ወጣች።

ገጠር ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ አጫጆቹ ነዶውን አስረው ካለፉ በኋላ ማሳው ላይ ወድቆ የቀረውን ዛላ እናቶች ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ አይቻለሁ። ፀሐይ ጀርባቸው ላይ ናት፤ የለቀሙትን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። ቀኑን ሙሉ ተለቅሞ የሚገኘው ከአንድ እራት አያልፍም። ቃርሚያ የሚከለክል ባለ ማሳ ግን በሰፈሩ ስሙ አይነሣም ነበር። ይህን ያየ ሰው ሩት 2ን ሲያነብ የሩትን ወገብ ሕመም ያውቀዋል። የማሳው ባለቤት ቦዔዝ ለአጫጆቹ፣ ከነዶው እየመዘዛችሁ ሆን ብላችሁ ጣሉላት፣ አትገሥጿትም ብሎ ሲያዝዝ ምን እያደረገ እንደሆነ ይገባዋል። ምጽዋት ሰጥቶ አላሳፈራትም። ለፍታ ያገኘችው እንዲመስል አደረገላት። ማታ የለቀመችውን ስትወቃው አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነላት፤ ኢፍ ትልቅ የእህል መስፈሪያ ነው። ኑኃሚንም መስፈሪያውን አይታ ዛሬ ወዴት ቃረምሽ አለቻት። እንዲህ ያለ ቃርሚያ የለማ!

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ሩት በሰው ማሳ ገብታ መልቀም የቻለችው ለምንድን ነው? ሕግ ስለነበረ ነው። የእርሻህን ዳር ፈጽመህ አትጨድ፣ የወደቀውንም አትልቀም፤ ለድሀና ለመጻተኛ ተወው የሚል ሕግ ነው። ይህ ሕግ የት ተጻፈ? ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ ነው። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ደክሞኝ ዘግቼ ሣጥን ላይ ባኖርኩት መጽሐፍ ውስጥ! የሩት እንጀራ እዚያ ነበረ። ያ የደረቀ የሕግ ዝርዝር የመሰለኝ ነገር አንዲት ስደተኛ መበለት በልታ እንድታድር ያደረገ ቃል መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያወቅሁ ዕለት መጽሐፉን እንደገና ከፍቼ አለቀስኩ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በዘዳግም ምዕራፍ 23 ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ የሚከለክል ቃል አለ። ሩት ደግሞ ሞዓባዊት ናት፤ መጽሐፉም ደጋግሞ «ሞዓባዊቱ ሩት» ይላታል፣ እንድንረሳው አይፈልግም። ይህችው ሴት ቦዔዝን አግብታ ኢዮቤድን ወለደች፤ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይም ንጉሡን ዳዊትን ወለደ። የማቴዎስ ወንጌል የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር በምዕራፍ 1 ስሟን ጠርቶ ያስገባታል። አያችሁ፣ በዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍቱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። አንዱ ሕግ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ሕጉ በሰው ሕይወት ውስጥ ሲሠራ ያሳያል፣ ሦስተኛው ጥያቄ ያስነሣል፣ አራተኛው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ክር ያነሣል። ስለዚህ ዘሌዋውያንን አትለፉት እላለሁ፤ ከሩት በኋላ ግን አንብቡት።

ወደ መዝሙረ ዳዊት ልለፍ። ዳዊት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ያልተማረችው አያቴ እንኳ «ብፁዕ ብእሲ» ሲባል የመጀመሪያው መዝሙር መሆኑን ታውቅ ነበር። ሆኖም ግጥም መሆኑን የማያስተውሉ ብዙ ናቸው። በአማርኛ ግጥም ስንል ቤት የሚመታ ስንኝ እንጠብቃለን፤ የመጨረሻው ፊደል ከፊደል ይገጥማል። የዕብራይስጥ ግጥም ቤት የሚመታው በሐሳብ ነው። «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ፥ የሰማይም ጠፈር የእጁን ሥራ ያወራል» ይላል። ሰማያት ላለው ጠፈር፣ ይናገራሉ ላለው ያወራል ይመልሳል። ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ተቀብሎ ያሳድገዋል። ይህን ያወቀ ሰው «ለምን ይደጋግማል?» ብሎ አይሰላችም። ሁለቱን መስመር እንደ ተቀባይና አውራጅ አድርጎ ቀስ ብሎ ያነባቸዋል። ደግሞም እንዲህ ዓይነቱ ግጥም ሲተረጎም አይጠፋም፤ ፊደል ለፊደል የሚገጥም ቢሆን ኖሮ በግእዝም በአማርኛም ባልቀረልን ነበር። በዳዊታችሁ መዝሙር 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉ አርእስት አይታችሁ ይሆናል። የዕብራይስጥ ፊደላት ናቸው፤ በመጀመሪያው ቋንቋ እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ስንኝ ሆኖ ሁሉም በዚያው ፊደል ይጀምራል። 22 ፊደል፣ 176 ስንኝ። ይህ መዝሙር በሌላ እትም 119 ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ግሪክኛውና ግእዙ ከዕብራይስጡ የሚለዩት በአቆጣጠር ነው። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውም በአንዱ 22፣ በሌላው 23 የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በመዝሙራቱ ውስጥ ምስጋና ብቻ አይደለም ያለው። እስከ መቼ ትረሳኛለህ የሚል ሙግትም አለ፤ እንባ፣ ቁጣ፣ በጠላት ላይ የተነገረ መራራ ቃልም አለ። አዲስ አንባቢ ይህን ሲያይ ይደነግጣል። እኔ ደግሞ በሐዘን ቤት የተቀመጠ ሰው እነዚህን መዝሙሮች ሲያነብ አይቻለሁ፤ ሌላ ቃል አልነበረውም።

ነቢያትን ለማንበብ ሁለት ዓመታት በቃላችሁ ያዙ። ከሰሎሞን በኋላ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ። የሰሜኑ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 በአሦር እጅ ወደቀ። የደቡቡ ይሁዳ ደግሞ በ586 በባቢሎን ተደመሰሰ፤ መቅደሱም ተቃጠለ፣ ሕዝቡም ተማርኮ ተሰደደ። ነቢይ ስታነቡ ይህ ሰው ከ722 በፊት ነው? በ586 ዙሪያ ነው? ወይስ ከስደት መልስ? ብላችሁ ጠይቁ። እረኛው አሞጽ ከመጀመሪያው ውድቀት በፊት ነበረ፤ በሐሰተኛ ሚዛን ድሀን የሚያታልሉትን፣ ችግረኛውን በጥንድ ጫማ የሚሸጡትን ይገሥጻል። ኤርምያስ ከተማው ሲከበብና ሲቃጠል እዚያው ነበረ። ሐጌ ከስደት ተመልሶ መቅደሱን ለመሥራት የሰነፈውን ሕዝብ ያበረታታል። ይህን ካወቃችሁ ነቢያቱ ሰው ይሆኑላችኋል። ኤርምያስ 38ን አንብቡልኝ፦ ነቢዩን በጭቃ ጉድጓድ ጣሉት፤ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ንጉሡን ለምኖ ሊያወጣው መጣ። ገመዱ ብብቱን እንዳይቆርጠው ብሎ መጀመሪያ ያረጀ ጨርቅ ወረወረለት። ከዚያ ጎተቱት። በዚያ ሁሉ የጦርነት ወሬ መካከል ይህን የጨርቁን ነገር ጽፎ ያቆየልንን ጸሐፊ እግዚአብሔር ይስጠው።

ወደ ሐዲስ ኪዳን ስንመጣ አራት ወንጌሎች ይቀበሉናል። አራት ለምን ሆኑ? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት የግእዝ ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተጻፉ መሆናቸው ታውቋል። በሥዕል ካጌጡ የክርስትና መጻሕፍት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ናቸው። በመግቢያቸው ላይ በዓምድና በቅስት ያጌጠ የቁጥር ሠንጠረዥ አለ። የቂሣርያው ጳጳስ አውሳብዮስ ያዘጋጀው ነው፤ በማቴዎስ ያለው ታሪክ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ የት እንደሚገኝ ያሳያል። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት የነበረው የአገራችን አንባቢ አራቱን ወንጌል ጎን ለጎን አድርጎ ያነብ ዘንድ መሣሪያ ተሰጥቶት ነበር ማለት ነው። ልዩነታቸውን ማንም አልደበቀውም።

ለመጀመሪያ ንባብ ማርቆስን ምረጡ። አጭሩ እርሱ ነው፤ 16 ምዕራፍ። ልደትን አይተርክም፣ ረጅም ንግግር አያበዛም። በግሪክኛው «ወዲያው» የሚለው ቃል አርባ ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ ሰው ከመንገድ የመጣ ትኩስ ወሬ እንደሚነግራችሁ ሆኖ ይቸኩላል።

ከማርቆስ አንዲት ቦታ ላሳያችሁ፤ ስለዚህች ቦታ ለመናገር ስል ብቻ ይህን ንግግር ብቀበል አይቆጨኝም። ምዕራፍ 5 ላይ የምኩራብ አለቃ ኢያኢሮስ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ልትሞት ሆነችበት። ጌታችን ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ አንዲት አሥራ ሁለት ዓመት ደም የሚፈስሳት ሴት ልብሱን ነካች። ልጅቱ የተወለደችበትና ሴቲቱ የታመመችበት ዘመን እኩል መሆኑን ማርቆስ ልብ እንድንለው ፈልጓል። በዚህ መካከል ልጅህ ሞታለች የሚል መልእክት መጣ። ጌታችን ግን ገባ፣ የልጅቱን እጅ ያዘና «ጣሊታ ቁሚ» አላት።

ማርቆስ የሚጽፈው በግሪክኛ ነው። ይህን ቃል ግን ጌታችን በተናገረበት በአራማይክ እንዳለ ተወውና ለግሪክ አንባቢዎቹ ፍችው ተነሺ ማለት ነው ብሎ ተረጎመላቸው። የሮም ሰው፣ የግሪክ ሰው፣ በኋላም የእንግሊዝና የጀርመን ሰው ሁሉ ያ ትርጉም ያስፈልገዋል። እኛስ? ቁሚ! እናቶቻችን ወድቃ ለምታለቅስ ልጅ በየቀኑ የሚሉት ቃል ነው። አራማይክና አማርኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሥሩ አንድ ነው። በምዕራፍ 7 ደግሞ ደንቆሮውን ሲፈውስ «ኤፍታህ» አለው፤ ተከፈት ማለት ነው። በግእዝ «ፈትሐ»፣ በአማርኛ «ፈታ» ከምንለው ጋር አንድ ሥር ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩኝ የመጽሐፍ መምህር ቃሉን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ድምፅ በራሳችን አፍ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

መልእክታትን በተመለከተ የእኛ አገር ሰው ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው። ልጅ ሳለሁ ለጎረቤት እናቶች ደብዳቤ አነብ ነበር። «ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ይላል። ከዚያ ዋናው ጉዳይ ይመጣል፤ በመጨረሻም ለእነ እገሌ፣ ለእነ እገሊት ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያዳምጣል፤ ስሙ የተጠራለት ሰው ፈገግ ይላል። የጳውሎስን መልእክት ስታነቡ ይህን አስቡ። ላኪ፣ ተቀባይ፣ ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ጉዳይ፣ የሰላምታ ዝርዝር። ለጉባኤ ጮክ ብሎ ሊነበብ የተላከ ነው። ሮሜ 16 ከላይ ሲያዩት የስም መዓት ነው፤ ብዙ ሰው ይዘልለዋል። እዚያ ውስጥ ግን ጳውሎስ ሲናገር ይጽፍ የነበረው ጤርጥዮስ ብዕሩን እንደያዘ የራሱን ሰላምታ አስገብቷል። ለሰው ደብዳቤ የጻፈላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ «እኔም የጻፍኩት ሰላም ብያለሁ» የምትሉትን።

ደብዳቤ ስለሆነ የተጻፈለት ጉዳይ አለው። ቆሮንቶስ ውስጥ የተነሣውን ጠብ ሳታውቁ ለቆሮንቶስ ሰዎች የተላከውን መልስ ብታነቡ ግራ ይገባችኋል። ስለዚህ አንዱን መልእክት እንደ ደብዳቤ በአንድ ቁጭታ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ወደ ፊልሞና የተላከው 25 ቁጥር ብቻ ነው፤ ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ከጌታው ከፊልሞና ስለተለየው ስለ ባሪያው አናሲሞስ ይማልዳል። ምዕራፍና ቁጥር የሚባለው ክፍፍል ደግሞ ኋላ የመጣ ነው፤ ምዕራፉ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሐዲስ ኪዳኑ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1551። ጳውሎስ ቁጥር አላደረገም። አንዲት ቁጥር ቆርጦ አውጥቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ንባብ ግን አይባልም።

ራእየ ዮሐንስን ለኋላ አቆዩት። ከኢሳይያስ፣ ከሕዝቅኤል፣ ከዳንኤልና ከዘካርያስ በተቀዳ ምስል የተሞላ ነው፤ እነርሱን ሳታውቁ ብትገቡበት በየመንደሩ የሚነገረው ግምት መጫወቻ ትሆናላችሁ።

ስለ ትርጉም አንድ ቃል። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የብዙ ሰው ድካም ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ ትርጉም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ካይሮ ተቀምጦ የሠራው አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው መጽሐፍ ታተመ። ብዙዎቻችን በቃላችን የያዝነው የ1954 ዓ.ም. እትም ነው፤ ዜማው ከልብ አይጠፋም። ቋንቋው ለከበዳችሁ በኋላ የወጡ ቀለል ያሉ ትርጉሞች አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ፤ በሚለያዩበት ቦታ ላይ ቁሙና ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ስትጠይቁም ብቻችሁን አትሁኑ። ሊቃውንቶቻችን ለዚህ አንድምታ የሚባል ትልቅ ባህል አቆዩልን። መምህሩ አንዱን ቃል ይተረጉማል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ያመጣል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። የመጀመሪያውን አልሻረም፤ ሁለቱንም ለተማሪው አስቀመጠለት። አንድ ቃል ከአንድ በላይ ፍሬ ሊይዝ እንደሚችል አምኖ የሚያስተምር መምህር ካገኛችሁ እግሩ ሥር ተቀመጡ። መምህር ባታገኙ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና እለፉ። በር ላይ ላገኘኝ ወንድሜም መልሴ ይኸው፦ ማርቆስን፣ ከዚያ ሩትን፣ ከዚያ ዘፍጥረትንና ዘፀአትን፤ በየቀኑ ማታ አንድ መዝሙር እየጨመርክ።

አሁን ከየወንበራችሁ ላይ ያለውን መጽሐፍ አንሡና የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 1 ክፈቱ። ያልያዘ ካለ ከጎረቤቱ ጋር ይመልከት። በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጥሽው እህቴ፣ እስኪ አንቺ ጀምሪልን፤ ከኋላ ስለሆንሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው። «የእግዚአብሔር ልጅ የኢየሱስ ክርስቶስ ወንጌል መጀመሪያ» ከሚለው።